እትዬ ቆጠራና የተራራው ቦርሳ

በምንሠራበት ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ቀጥሎ፣ መስኮት የሌለው ረዥም ክፍል አለ። የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች ታጥበው፣ ተቆጥረው፣ በአረንጓዴ ጨርቅ ተጠቅልለው ወደ እንፋሎት ማምከኛው የሚገቡት እዚያ ነው። እኔ ማምከኛውን አንቀሳቅሳለሁ፣ እሷ ትጠቀልላለች። እንዲህ ጎን ለጎን መሥራት ከጀመርን አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነው። አንዱን ጥቅል ሦስት ጊዜ ሳትቆጥር ስለማትዘጋ ወጣቶቹ «እትዬ ቆጠራ» ይሏታል። እኔ እኩያዋ ነኝና «ቆጠራ» ብቻ እላታለሁ፤ እሷም ቀኑን ሙሉ ሲያልበኝ ስለምታይ «አንቺ እንፋሎት» ትለኛለች።

ፈሪ ናት። ይህን ስል እያማኋት አይደለም፣ ራሷም አትክደውም። ሊፍት አትገባም። ቤቷን ቆልፋ ከወጣች በኋላ ምድጃው መጥፋቱን ለማየት የማትመለስበት ቀን የለም። ስልክ ሲጠራ መጀመሪያ ደረቷን ትይዛለች፣ ከዚያ ነው ስልኩን የምታነሳው። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው፤ «የእኔ ሚስት እንደ አሮጌ ሞተር ናት፣ ከቤት የምትነሳው በሦስተኛው ሙከራ ነው» ይላል።

ሥራችን ፍርሃቷን አስከበረላት እንጂ አልፈወሳትም። አንድ መቆንጠጫ ቢጎድል፣ ላይ ፎቅ ሐኪሙ እጁን ዘርግቶ እንደሚቀር፣ ጠረጴዛው ላይ የተኛውም የሰው ልጅ እንደሆነ አንድም ቀን ረስታው አታውቅም። ለአዳዲሶቹ ሠራተኞች የምታስተምረው ይህንኑ ነው። «ማስገባት የሥራው እኩሌታ ነው» ትላቸዋለች። «ቀድሞ የሚፈለገው ከላይ ካልሆነ፣ የለም ማለት ነው።»

አርባ ዓመት ሲሞላት ደሟ ውስጥ ስኳር ተገኘና ሐኪሙ ተንቀሳቀሺ አላት። ከአውቶቡስ ማደሪያው ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ መራመድ ጀመረች። እርምጃው ዱብ ዱብ ሆነ፣ ዱብ ዱቡ ሩጫ ሆነ፣ ቆይታም ቅዳሜ ጠዋት አብሮ የሚሮጥ ሠላሳ ሰው የሚሆን ቡድን ውስጥ ገባች። አንድ ልጇ፣ ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበረችው፣ እናቷን ልትስቅባት ተከትላት ሄዳ እዚያው ቀረች። አሁን ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፣ የመሬት ቅየሳ ትማራለች፤ ዳገት ላይ እናቷን ጥላት መሄድ ከጀመረችም ሰነባብታለች።

ቡድኑ ውስጥ አንድ አናጺ ነበር። የእኛን ክፍል መደርደሪያ የሠራው እሱ ነው፤ ሳቁ ከመዶሻው ቀድሞ የሚሰማ ሰው። በየዓመቱ ዝናቡ ካባራ በኋላ ሦስት ቀን የሚፈጅ የተራራ ሩጫ አለ። ሯጩ ልብሱን፣ መኝታውንና ምግቡን በጀርባው ተሸክሞ ይሮጣል፣ አዘጋጆቹ ድንኳንና ውሃ ብቻ ያቀርባሉ። አናጺው ብቻውን ሄደ። በሁለተኛው ቀን ዛፍ የማይበቅልበት ከፍታ ላይ ጭጋግ ዋጠው። በማግሥቱ ጠዋት አንድ ድንጋይ ተደግፎ እንደተቀመጠ አገኙት። ብርድ ነው የገደለው።

ቦርሳው ለሚስቱ ተመለሰ። ሴትዮዋ አንድ ወር ሙሉ ጥግ አስቀምጣው በአጠገቡ ስታልፍ ፊቷን እያዞረች ኖረች። በመጨረሻ ወደ ቆጠራ ደወለች። «እባክሽ አንቺ ክፈችልኝ፣ እጄ እምቢ አለኝ» አለቻት።

ቆጠራ ሄደች። ማንም የማይበላበት የምግብ ጠረጴዛ ላይ ቦርሳውን አስቀምጣ ዚፑን ሳበችው። ከላይ ምግብ፤ ለውዝ፣ ቴምር፣ ሁለት ብስኩት። ከዚያ ካሜራ። ከዚያ የመኝታ ከረጢቱ፣ ተጠቅልሎ። ከሁሉም ሥር፣ እጇን እስከ ክንዷ አስገብታ የዳሰሰችው፣ በፌስታል የታሰረ ነገር ነበር። አወጣችው። ፌስታሉ ሦስት ጊዜ ተቋጥሯል። ውስጡ የዝናብ ጃኬት፣ የሱፍ ሹራብ፣ ኮፍያና ጓንት አለ።

በማግሥቱ ሥራ ቦታ ይህን ነገረችኝ። «ደረቅ ነበር እኮ» አለችኝ። «እንፋሎት፣ ጓንቱ ደረቅ ነበር። ሰውየው ሙቀቱን በጀርባው ተሸክሞ ነው በብርድ የሞተው። ሦስት ቋጠሮ! በደነዘዘ እጅ ማን ይፈታዋል?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ተራራው ሩጫ ሲወራ ተነስታ ትሄድ ጀመር። እኔም ጉዳዩ በዚህ አበቃ ብዬ ነበር።

ስድስት ወር ያህል ቆይቶ ልጇ ራት ላይ ዱብ ዕዳውን አመጣችው። በአናጺው ሞት ምክንያት ደንቡ ተቀይሮ ማንም ብቻውን መሮጥ አይችልም፤ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው።

«ተመዝግቤያለሁ» አለች ልጅቷ። «ከማን ጋር ብለሽ አትጠይቂኝም?»

«ከማን ጋር?» አለች እናቷ፣ ማንኪያዋን ሳታስቀምጥ።

«ካንቺ ጋር። ስምሽን ከስሜ ሥር አስገብቼዋለሁ። እማዬ፣ አትቆጪኝ፤ ከቡድኑ ውስጥ እንዳንቺ ሳይደክም የሚሮጥ የለም።»

ቆጠራ ሦስት ቀን አላናገረቻትም። በአራተኛው ቀን ሥራ ቦታ መቀስ እየደረደረች ሳለ ድንገት፣ «እሄዳለሁ» አለችኝ።

«ምን ነካሽ? እምቢ በያት!»

«እምቢ ብላትስ? ከሌላ ሰው ጋር ትሄዳለች። ያ ሌላ ሰው ደግሞ ፌስታሉን እንዴት እንደሚያስር በምን አውቃለሁ?» አለችና መቀሶቹን እንደ አዲስ ከአንድ ጀምራ ቆጠረቻቸው።

ሩጫው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው ጠራችኝ። የሕፃናት ክፍል ያስወገደውን ሚዛን ይዤላት እንድሄድ ነው የፈለገችው። ስደርስ ሳሎኑ መሬት ላይ ነጭ አንሶላ ተዘርግቷል። አንሶላው ላይ ዕቃው ሁሉ በመስመር በመስመር ተደርድሯል፤ ካልሲ አራት ጥንድ፣ ስስ የሱፍ ካናቴራ ሁለት፣ ጃኬት፣ የዝናብ ሱሪ፣ ሁለት ዓይነት ጓንት፣ የግንባር ባትሪ ከነመለዋወጫው፣ ፊሽካ፣ ፕላስተር፣ መርፌና ክር፣ የሚያብረቀርቀው የድንገተኛ ብርድ ልብስ፣ የእግር ቅባት፣ የስኳር መለኪያዋ፣ ምግቡ ቀን በቀን ተከፋፍሎ። ወንበር አልነበረም፤ ወንበሮቹን ሁሉ ወደ ኮሪደር አስወጥታቸዋለች። ባልየው የሳሎኑ በር ላይ ጫማውን አውልቆ ቆሟል፣ መግባት አልተፈቀደለትም።

«ነይ እንፋሎት» አለኝ። «ቀዶ ሕክምና ላይ ደርሰሻል።»

የእናትየው ቦርሳ ተመዘነ። ዘጠኝ ኪሎ ከግማሽ። የልጅቷ አራት ኪሎ እንኳን አልሞላም። የጥርስ ብሩሿን እጀታ በመጋዝ ቆርጣ ጥላለች፣ የሱፍ ካናቴራውንም ከሁለት አንድ አድርጋዋለች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች እናት፣ ጉራጁን ብሩሽ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ።

«ክብደት ቅነሳ ነዋ። እማዬ፣ ዘጠኝ ኪሎ ተሸክሞ የሚሮጠው አህያ ነው። ይሄን ሁሉ ይዘሽ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ትቀሪያለሽ፣ ጨለማ ያገኝሻል፣ እሱም አደጋ ነው።»

«ሁለተኛውን ካናቴራ መልሽው።»

«ኧረ ተይኝ! ሁሉን ነገር ትፈሪያለሽ።»

ባልየው ነገሩ ሲከር አይቶ ከበሩ ላይ ጣልቃ ገባ። «ፈሪ ለእናቱ ይባላል» አለ። «እናትየዋ ራሷ ፈሪ ስትሆንስ ለማን ናት?»

«ለልጇ» አለች ቆጠራ፣ ቀና ሳትል።

ልጅቷ ካናቴራውን አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሆኖም ልጅቷ የተናገረችውም እውነት ስለነበር እናትየው ከራሷ ላይ መቀነስ ነበረባት። ሁለት ሰዓት ፈጀ። እያንዳንዱን ዕቃ በእጇ ይዛ ዓይኗን ጨፍና ስትቆይ፣ ያለዚህ ዕቃ ምን ዓይነት ሞት እንደሚመጣ እያየች እንደሆነ ገብቶኛል። መርፌና ክሩ ቀረ። ሁለት ጥንድ ካልሲ ቀረ። ስድስት ኪሎ ላይ ስትደርስ ቦርሳውን ዘጋችው።

ከዚያ ወደ መታጠቢያ ቤት ወሰደችን። ባልዲ ውስጥ ውሃና በረዶ ሞልታ አዘጋጅታለች። ልጇን፣ «እጅሽን እስከ አንጓሽ ክተቺ፣ እስክልሽ እንዳታወጪ» አለቻት። ልጅቷ እየሳቀች ከተተች። እስከ መቶ ሃምሳ ተቆጠረ። ሳቁ ሰማንያ ላይ ቆሞ ነበር። «አሁን ቦርሳሽን ክፈቺ፣ ጃኬቱን ልበሺ፣ ጓንቱን አጥልቂ። ስልሳ እቆጥራለሁ።»

ልጅቷ ዚፑን ያዘች፤ አመለጣት። እንደገና ያዘች። ጣቶቿ ቀልተው እንደ እንጨት ደርቀዋል። ጃኬቱ ከመኝታ ከረጢቱ ሥር ነበር፣ ጎትታ ስታወጣው ሌላው ሁሉ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተበተነ። ስልሳ ሲሞላ አንድ እጇ እጅጌው ውስጥ፣ ሌላው ውጪ ነበር።

«ሞተሻል» አለች እናቷ በቀስታ።

ልጅቷ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና የተበተነውን አየች። ስለ አናጺው ቦርሳ ታውቃለች፣ እናቷ ግን በዚህ መንገድ አላሳየቻትም ነበር። «እንዴት ነው የሚደረደረው?» ብላ ጠየቀች። ያን ዕለት ከሰዓት አምስት ጊዜ ደገሙት። ጃኬት ከላይ፣ ጓንትና ኮፍያ የጎን ኪስ ውስጥ፣ ዚፑ ጫፍ ላይ በጥርስ የሚያዝ ገመድ፣ ቋጠሮ የሚባል ነገር የትም የለም።

ተራራው ላይ የሆነውን እኔ አላየሁም። ግማሹን ከእናትየው፣ ግማሹን ከልጅቷ ነው የሰማሁት፤ እናትየዋ የማታስታውሰው ክፍል አለና።

የመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ነበር። ድንኳን ውስጥ ቆጠራ እንቅልፍ ባይወስዳትም እግሯ ደህና ነበር። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ በቀይ ቀለም የተቀቡ የመንገድ ምልክት እንጨቶችን እየተከተሉ ወደ ከፍታው ሲወጡ፣ ደመናው ከታች ወደ ላይ ተሳበና ከበባቸው። መጀመሪያ ነፋስ፣ ቀጥሎ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ።

«አሁን!» አለች እናት።

አንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር ተጠጉ። ልጅቷ ቦርሳዋን አወረደች፣ ዚፑን በጥርሷ ሳበች፣ ጃኬቷን ለበሰች። ቆጠራ ነፋሱን በጀርባዋ ከልላላት ኮፍያዋን አሰረችላት፣ ጓንቷን እስከ አንጓዋ ሳበችላት፣ አንገቷ ላይ ያለውን ዚፕ ዘጋችላት። ልክ እንደ ሥራ ቦታ አንድ በአንድ ቆጠረች። ከዚያ ቀና ስትል ድንጋዩን አየችው። ሰው ተደግፎ ሊቀመጥበት የሚመች፣ መሀሉ ጎድጎድ ያለ ድንጋይ ነው።

«ያው ድንጋይ ይሁን ሌላ አላውቅም» አለችኝ በኋላ። «ግን አናጺው ተቀምጦበት ታየኝ። እዚያ ሥር አንድ ደቂቃ ተጨማሪ ብቆም ልጄን የሚወስድብኝ መሰለኝ።»

ልጅቷ፣ «አንቺስ?» አለቻት።

«እኔ ሞቆኛል፣ ሂጂ! ሂጂ ብያለሁ!» ብላ ገፋቻት። በሷው ቦርሳ ውስጥ ጃኬቱ ከላይ፣ ጓንቱ ከጎን ነበር። አልነካችውም።

አርባ ደቂቃ ያህል ሄዱ። ነፋሱ ጆሮ ስለሚያደነቁር አልተነጋገሩም። ልጅቷ ከፊት ነበረች፤ ከኋላዋ እናቷ የመንገዱን እንጨቶች ጮክ ብላ ስትቆጥር ትሰማለች፣ ድምጿም ያጽናናት ነበር። «ሃያ ሁለት... ሃያ ሦስት... ሃያ አራት...» ከዚያ «ሃያ ሁለት» አለች። ቀጥላ «ሃያ ሁለት» አለች። ልጅቷ ዞረች።

እናቷ ቆማለች። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል፣ የረጠበው ካናቴራዋ ደረቷ ላይ ተጣብቋል። መንቀጥቀጧን አቁማለች። አንገትጌዋን ለመክፈት እየታገለች ነበር።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሞቀኝ። ማምከኛውን ማን ነው የከፈተው? እንፋሎትን ጥሪያት።»

ልጅቷ በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ ፈርታ እንደማታውቅ ነግራኛለች። እናቷ ሁልጊዜ የምትፈራ ሴት ነበረች፤ አሁን ግን ፊቷ ላይ ምንም ፍርሃት የለም። እሱ ነው ያስደነገጣት። ቦርሳውን ከጀርባዋ ለማውረድ ስትሞክር እናቷ ማንገቻውን በሁለት እጇ አንቃ ያዘች።

«አትንኪ! ገና አልተቆጠረም!»

ለመነቻት፣ ጮኸችባት፣ ጣቶቿን ልታላቅቅ ታገለች። ጣቶቹ እንደ ቆርቆሮ ደርቀዋል። ጭጋጉ ውስጥ ማንም የለም። ያን ጊዜ ልጅቷ ምን እንደመጣላት አታውቅም፤ ድንገት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የምድር ቤቱ ወጣቶች እንደሚያናግሯት አናገረቻት።

«እትዬ ቆጠራ፣ ከላይ ደውለው ነበር። ሐኪሙ እየጠበቀ ነው። ጥቅሉን ይስጡኝ።»

እናትየው አየቻት። «ተቆጥሯል?»

«ሦስት ጊዜ ተቆጥሯል። እርስዎ ራስዎ ነዎት የቆጠሩት።»

«እሺ» አለች ቆጠራ፣ እጇንም ለቀቀች። «ጃኬቱ ከላይ ነው።»

ልጅቷ እርጥቡን ካናቴራ እዚያው ነፋስ ላይ ገፈፈችላት። ደረቁን ሱፍ አለበሰቻት፣ ጃኬቱን ደረበችላት፣ ጓንቱን እንደ ሕፃን ልጅ ጣት በጣት አጠለቀችላት። በሚያብረቀርቀው ብርድ ልብስ ጠቅልላት፣ ቴምር አፏ ውስጥ አደረገችላት፣ ዋጪ አለቻት። ከዚያ ፊሽካውን ነፋች። ትንፋሿ እስኪያልቅ፣ ከንፈሯ እስኪደማ ነፋች። ከኋላ የነበሩ ሁለት ሯጮች፣ አንድ ሽማግሌና አማቹ፣ ድምፁን ተከትለው መጡ። ግራና ቀኝ ደግፈው አወረዷት። ቁልቁለቱ መሀል ላይ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ሽማግሌው፣ «ተመስገን፣ መንቀጥቀጥ ጥሩ ነው፣ ተንቀጥቀጪ ልጄ» አላት።

ድንኳኑ ጋ የነበረው ሐኪም ሩጫው ለሁለቱም አብቅቷል አለ። በጭነት መኪና ነው የተመለሱት። ባልየው መኪናው ሲደርስ ቆሞ ጠብቆ ነበር፤ ያ ሁሉ ጨዋታው ጠፍቶ፣ የሚስቱን ጭንቅላት እንደ ሐብሐብ በሁለት እጁ ይዞ አያት።

ሁለት የግራ እጇ ጣቶች ለሦስት ወር ደንዝዘው ቆዩ። መርፌ በጣቷ ስትይዝ ስለማይሰማት ቦታ ተለዋወጥን፤ እሷ ማምከኛውን ያዘች፣ እኔ ጠቀለልኩ። ስቆጥር ከኋላዬ ቆማ በከንፈሯ አብራኝ ትቆጥር ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ «ያንን ሰውዬ በሆዴ ስወቅሰው ነበር» አለችኝ። «ሦስት ቋጠሮ ብዬ። የኔ ምንም ቋጠሮ አልነበረውም። ሁሉም ቦታው ላይ ነበር። እጄ ነው ያልሄደው።» ለአናጺው ሚስትም ሄዳ ይህንኑ ነገረቻት። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኳትም፣ ከዚያ ወዲህ ግን ሴትዮዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮረብታው ሥር ውሃ ይዛ ትጠብቃቸዋለች።

በዓመቱ ልጅቷ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ተመዘገበች። ቆጠራ አልከለከለቻትም። ልጅቷ ክፍሏን ዘግታ ቦርሳዋን ስታዘጋጅ፣ እናትየው ኮሪደሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማ የዚፑን ድምፅ ስታዳምጥ ባልየው አይቷታል። አላንኳኳችም። ሦስቱን ቀን ሥራ ቦታ እየመጣች አንድ ጥቅል አምስት ጊዜ ቆጠረች፤ ስልኳ በጠራ ቁጥር ደረቷን ያዘች፤ እኔም አብሬያት ያዝኩ። በአራተኛው ቀን ልጅቷ አፍንጫዋ ተልጦ፣ ተርባ መጣች። ከበላች በኋላ፣ ከፍታው ላይ ስትደርስ ከፍርሃቷ የተነሳ ተቀምጣ እንዳለቀሰች ነገረቻቸው።

«ለምን ደውለሽ አልነገርሽኝም?» አለቻት እናቷ።

«ፈርቼ ነዋ» አለች ልጅቷ። «አንቺን።»

ዘንድሮ ቆጠራ ለአንድ ቀኑ አጭር መንገድ ተመዝግባለች። እሱም ጥንድ ይፈልጋል፤ ሳትጠይቀኝ ስሜን ከስሟ ሥር አስገብታዋለች። እኔ እስካሁን ከአውቶቡስ ማደሪያው ኮረብታ ወገብ አላለፍኩም። ትናንት ከሥራ ስንወጣ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት እንድመጣና የራሴን ባልዲ እንዳልረሳ ነገረችኝ።